ያልተመረቀ ኃይል

የአገሪቱን ስም ብጠራ ሁለት ዓይነት ሰው ይቆጣኛል፤ አንዱ የእኛ አገር እንዲህ አይደለችም ብሎ፣ ሌላው ይህ የእኛ አገር ነው ለምን ለሌላ ሰጠህብን ብሎ። ስለዚህ ስሟን ትቼ እዚያ ሳለሁ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ።

ኮሌጅ እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት በዚያች አገር የመኪና ኃይል መሙያ መሥሪያ ቤት ነው። ነዳጅ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ስለተከለከለ መኪና ሁሉ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ከተማውም ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታው እንዲያውም እኔ ከደረስኩ በኋላ እየጨመረ ሄደ።

በዚያች አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። የተመረቀ ነገር አይበላሽም። ድልድይም ይሁን ቧንቧ፣ የምረቃው ሪባን አንዴ ከተቆረጠለት በኋላ ተበላሸ ማለት መርቆ የከፈተውን ሹም መስደብ ነው። ሪባን የሚቆርጠው ሹም "ባለ መቀስ" ይባላል፤ በአገሩ ከእሱ በላይ የሚከበር ሰው የለም። የሰደበ ይቀጣል፤ ስድቡን የሰማም እንዲሁ ሰምተሃል ተብሎ ይጠየቃል። አስተዋይ ሰዎች ስለሆኑ አይሰሙም።

የማይበላሽ ነገር ደግሞ አይጠገንም። በመሥሪያ ቤታችን የጥገና ክፍል የሚባል አልነበረም፤ የነበረው የማስፋፊያ ክፍል ነው። አንድ የመሙያ ምሰሶ ኃይል መስጠት ሲያቆም ማንም ምንም ሳይል ከጎኑ ሌላ ምሰሶ ይተከላል፣ ሪባን ይታሰርለታል፣ ይመረቃል። ባለ ሾላው በሚባለው ትልቁ ጣቢያችን ምሰሶው ምሰሶውን እየተጋፋ ጫካ መስሎ ነበር። ከጎረቤት አገር የመጡ እንግዶች ብዛቱን አይተው ቀንተው ተመልሰዋል። መኪናቸውን ግን እዚያ ለመሙላት አልሞከሩም፤ ለእንግዳ ደግሞ መመርመር ነውር ነው።

በየምሰሶው አናት ላይ አረንጓዴ መብራት አለች። የራሷ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ስላላት ከምሰሶው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ ምሰሶው ቢሞትም እሷ ትበራለች። የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ አረንጓዴዎቹ መብራታቸውን ማረጋገጥ ነበር። አንድም ቀን ሳይበሩ አግኝቻቸው አላውቅም። ስለዚህ በሥራዬ የተመሰገንኩ ነበርኩ።

ምሰሶዎቹ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሞቱ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። በልማዱ ከአዲስ ምሰሶ የሚወጣ የመጀመሪያ ኃይል የበዓሉ ነው። ድምፅ ማጉያው፣ ባለ ቀለሙ አምፖል፣ የለስላሳው ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ሪባኑ እንደተቆረጠ እዚያው ላይ ይሰካል። ጠንካራው ምሰሶ ይህን ተቋቁሞ ጥቂት መኪኖች ይሞላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ደካማው ያኔውኑ ዝም ይላል። ይህንን ለአለቃዬ ነግሬያቸው ነበር። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ "ልጄ፣ ደስታ ዕቃ ያበላሻል ነው የምትለኝ?" አሉ። እንደዚያ ሲሉት እውነትም ነውር መሰለ።

ሰልፉ ታዲያ የዚያች የጥቂት መኪኖች ዕድል ሰልፍ ነበር። ሰው መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ የሚቀጥለውን ምረቃ ይጠብቃል፣ ካልደረሰው የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ሰልፉ ሲሰነብት ሰፈር ሆነ። ፀጉር አስተካካይ አለው፣ ዕድር አለው፣ ሰርግም ተሰርጎበታል። ከኋላ ካለ መኪና የወጣች ልጅ ከፊት ባለ መኪና ውስጥ ያለ ልጅ ስታገባ ቤተሰቦቿ "ልጃችን ወደ ፊት ሄደች" ብለው እልልታውን አቀለጡት። አዲስ የመጣ ሰው በክላክሱ ይታወቃል፤ ጠዋት ማታ ያንባርቃል። ከቆየ በኋላ ዝም ይላል። ኋላ ላይ አዲስ የሚመጣም እየጠፋ ሄደ፤ ወደ ሰልፉ ለመምጣትም ኃይል ያስፈልጋልና።

ከመጨረሻዎቹ መጪዎች አንዷ ባንቺወሰን ነበረች። ከገደሉ ማዶ አፋፍ የምትባል መንደር አለች፤ መንገዷን ሌላው ሹፌር ስለሚፈራው ዝር የማይልባት። ባንቺወሰን ብቻ ነበረች በሚኒባሷ የምትመላለሰው። መኪናዋ ኃይል ከመቀበል ሌላ መስጠትም የምትችል ዓይነት ስለነበረች አፋፍ ስታድር የመንደሩ ስልክ ሁሉ ከእሷ መኪና ላይ ተሰክቶ ያድር ነበር። የመጣች ዕለት ከሰልፉ መጨረሻ እስከ ጣቢያው በእግሯ መጥታ እኔ ዘንድ ቆመች።

"ኢንጂነር፣ ከፊቴ ያለው ሰው ስንት ይሆናል?"

"ሰው ነው ወይስ መኪና?"

"ልዩነት አለው?"

"በየመኪናው ቤተሰብ አለ፤ በየጊዜው ይወለዳል" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ምሰሶዎቹን አየች። "ይሄ ሁሉ አረንጓዴ በርቶ የለም እንዴ?"

"በርቷል።"

"ታዲያ ይሠራል?"

"በርቷል" አልኳት እንደገና። ከዚያ ሌላ እንድናገር የተፈቀደልኝ ቃል አልነበረም።

"ተምረህ ነው እንዲህ የሆንከው ወይስ ከድሮም ነህ?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። "ስማኝማ። እህቴ አፋፍ ላይ ወሯ ገብቷል። ውድነሽ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇን በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ሆስፒታል ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው ያጣችው። አሁን ቃል ገብቼላታለሁ። ምጥሽ ሳይመጣ ደጅሽ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ ብያታለሁ።"

"መቼ ነው አሏት?"

"ዝናቡ ሲያባራ።"

ሁለታችንም ወደ ሰማይ አየን። ገና ደመና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባንቺወሰን በየቀኑ ትመጣ ነበር። እኔን አትለምነኝም፤ ሰማዩን አይታ፣ ምሰሶዎቹን አይታ ትመለሳለች። አንዳንዴ ከሰልፉ ራስ ላይ ካሉት ከጋሽ ዳምጤ ጋር ትጫወታለች። ጋሽ ዳምጤ የሰልፉ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ በታክሲያቸው ኮፈን ላይ ቲማቲም ያሰጡ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚሄዱት ወዴት ነው?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ኧረ ተይኝ፣ ረስቼዋለሁ" አሉ። "ስደርስ ትዝ ይለኛል።"

በዚያው ሳምንት በሬዲዮ አንድ ነገር ተነገረ። የነበሩት ባለ መቀስ ከሥልጣን ወርደዋል። በዚያች አገር የወረደ ሹም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ የቆረጠውም ሪባን እንዳልተቆረጠ። አዲሱ ባለ መቀስ ሥራ እስኪጀምሩ ሕዝቡ በእርጋታ እንዲጠብቅ ተባለ። ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሰልኩት። ሌሎቹን ምሰሶዎች የመረቁት ሥልጣን ላይ ሳሉ ያረፉ ሹማምንት ናቸው፤ ከአጥሩ ጥግ ያለውን ምሰሶ የመረቁት ግን የወረዱት ባለ መቀስ ናቸው። እሳቸው ካልነበሩ ምሰሶው አልተመረቀም። ካልተመረቀ ሊበላሽ ይችላል። ሊበላሽ የሚችል ነገር ደግሞ ይጠገናል።

ይህን ለአለቃዬ አስረዳኋቸው። አገላብጠው አሰቡት፤ ስህተት ሊያገኙለት አልቻሉም። "እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ካለ ምን እናደርገዋለን" አሉ። ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። የተቃጠለ ፊውዝና የቀለጠ ሽቦ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ከሌሎቹ የሞቱ ምሰሶዎች ፊውዝ ማውጣት ስድብ ስለሚሆን ከመጋዘን አስመጥቼ ቀየርኩት። ምሰሶው ቀስ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ያን ድምፅ የበዓል ጫጫታ ሳይውጠው ሰልፉ ውስጥ ያለ አንድም ሕፃን ሰምቶት አያውቅም ነበርና እየሮጡ መጥተው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

የመጀመሪያው ተራ የጋሽ ዳምጤ ነበር። ተነሱና ቲማቲማቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከዚያ ተውት። "ያቺ የአፋፏ ልጅ ትምጣ" አሉ።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። "የመጨረሻዋ ናት እኮ ጋሼ፣ ተራ የሚባል ነገር የለም?"

"የቆምኩበት ቦታ የእኔ አይደለም እንዴ? ቦታዬን ሰጠኋት፤ እኔ ከኋላዋ ሁለተኛ እሆናለሁ፤ እናንተ ባላችሁበት ናችሁ። ማን ምን አጣ?"

አንድም ሰው ምን እንዳጣ ሊናገር አልቻለም። የሰልፉ ወንዶች ሚኒባሱን በጎን በኩል እየገፉ አመጡት። ባንቺወሰን ገመዱን ሰካች። ከመሪዋ ፊት ያለው የኃይል መጠን ቁጥር አንድ አንድ እያለ መውጣት ጀመረ። ሰው ከቧት ቆመ፤ ለሚወለድ ልጅ እንደሚጠበቅ ነው የሚጠብቀው። ሰማዩም በምሥራቅ በኩል መከፈት ጀምሮ ነበር።

ቁጥሩ ወደ ሙሉ ሲጠጋ አዲሱ ባለ መቀስ መጡ። ጣቢያዎቹን ለመተዋወቅ ነበር የወጡት። እውነቱን መናገር ካለብኝ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊታቸው ብሩህ ነው፣ ንግግራቸው ለስላሳ ነው፣ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ጨበጡ። ከዚያ ምሰሶውን ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

"ይሄን ማን መረቀው?"

"ማንም፣ ክቡር ባለ መቀስ" አልኳቸው። "መርቀውት የነበሩት እንዳልነበሩ ተነግሯል።"

"ልክ ነህ። ታዲያ እንዴት ኃይል ይሰጣል?"

"ጠግኜው ነው።"

"አበጀህ። ያልተመረቀ ይጠገናል፤ ጥፋት የለብህም።" ወደ ሚኒባሱ ጠጋ አሉ። "እኔን ያሳሰበኝ በዚህች እህታችን መኪና ውስጥ ያለው ነው። ምንድነው እሱ?"

"ኤሌክትሪክ ነዋ።"

"ያልተመረቀ ኃይል ነው" አሉ፤ በእውነት አዝነው። "ይህን ይዛ መንገድ ላይ ብትያዝ የምትጎዳው እሷ ናት።"

ባንቺወሰን ከመኪናዋ ወረደች። "ጌታዬ፣ ልጅ ልትወልድ ነው እህቴ። ልሂድና ስመለስ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።"

"ሰምቻለሁ፣ እህቴ። እህትሽን በንግግሬ ውስጥ አስገባታለሁ።"

"ንግግሩ ይቅርባት። እኔን ይልቀቁኝ።"

"ምን ቸኮልሽ? አሁኑኑ እንመርቀዋለን። እንደተመረቀ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ አንቺ ነሽ፤ በሕጋዊ ኃይል ትሞያለሽ፣ በክብር ትሄጃለሽ። የያዝሽው ብቻ ይመለስ።"

"የት ነው የሚመለሰው?" አልኩ እኔ። "ኤሌክትሪክ እኮ ከወጣ ወደ ምሰሶው—"

በዚህ መሃል የበዓሉ አዘጋጅ ወደ ባለ መቀሱ ጠጋ ብሎ ድምፅ ማጉያው የሚሰካበት እንዳጣ ነገራቸው። ምሰሶው ገና አልተመረቀምና ሊነካ አይችልም። ባለ መቀሱ ሰውዬውን አዩት፣ ሚኒባሱን አዩት። ፊታቸው በራ። "ይኸው መንገዱ ተገኘ" አሉ።

ተከራከርኩ። ኃይሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ምረቃ አይቀይረውም አልኩ። አለቃዬ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝና "ልጄ፣ ስለ ምረቃው የተናገርከውን እንዳልሰማሁህ ቁጠረው" አሉኝ። እንዲህ ብለው ሲናገሩ ውለታ እየዋሉልኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ድንኳን ተተከለ። ድምፅ ማጉያው፣ አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ከባንቺወሰን መኪና ላይ ተሰካ። እሷ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ታያለች። ንግግሩ ረዥም ነበር፣ ጥሩም ነበር። ባለ መቀሱ ስለ ውድነሽ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ዛሬ ከዚህ ምሰሶ የተነሳ እህት ለእህቷ ትደርሳለች" ሲሉ ብዙ ሴቶች አለቀሱ። በዚያ ሰዓት ቁጥሩ ከግማሽ በታች ነበር። ከንግግሩ በኋላ ዘፈን ሆነ፣ ከዘፈኑ በኋላ ሌላ ንግግር ሆነ። ሪባኑ ሊቆረጥ ሲል መኪናዋ ድንገት ጸጥ አለች፤ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ዝም አለ። ባለ መቀሱ ግን ድምፃቸው ትልቅ ስለነበር ያለ ማጉያም ጨረሱት። ሪባኑ ተቆረጠ። እልል ተባለ።

አዘጋጆቹ ሽቦዎቻቸውን ሁሉ ከሚኒባሱ ነቅለው በልማዱ መሠረት ወደ ምሰሶው ወሰዱ። ባንቺወሰን ሮጣ ከፊታቸው ቆመች። "እኔ ነኝ እኮ የመጀመሪያዋ" አለች።

"ከበዓሉ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ" አሏት፤ በትህትና ገለል አድርገዋት ሰኩ።

ዘፈኑ በትልቁ ተነሳ። ከዚያ ምሰሶው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። አናቱ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ትበራ ነበር።

ባንቺወሰን ገመዱን ሰካች። ነቀለች። እንደገና ሰካች። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ስጠጋ የጣቢያው ጠባቂ መንገዴ ላይ ቆመ።

"ያው የጠዋቱ ፊውዝ ነው" አልኩት። "ጠዋት ስቀይረው አይተኸኝ የለም እንዴ?"

"ጠዋት አልተመረቀም ነበራ" አለኝ። እሱም የሚለው ሌላ ነገር አልነበረውም።

ባለ መቀሱ መኪናቸው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ ባንቺወሰን እጃቸውን አወዛወዙና አረንጓዴዋን መብራት አሳዩዋት። እንኳን ደስ አለሽ ማለታቸው ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሰማዩ የታጠበ ያህል ጠራ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የአፋፍ ሰዎች ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ቃሬዛ ተሸክመው በጣቢያው በኩል ወረዱ። ከፊት ያለው የውድነሽ ባል አምባቸው ነበር። ከሁሉም ጥላ የሚሻለው ከአጥሩ ጥግ ያለው ስለነበር ቃሬዛውን ለማሳረፍ አዲስ በተመረቀው ምሰሶ ሥር አስቀመጡት። ውድነሽ ፊቷ ገርጥቶ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ባንቺወሰን ሮጣ መጥታ ከጎኗ ተንበረከከች። ስለ ልጁ አልጠየቀችም፤ አምባቸው በጋቢ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ደረቱ ላይ ይዟል።

"ሌሊት ልንነሳ ነበር" አላት አምባቸው። ቁጣ አልነበረውም፤ ደክሞት ነበር። "ውዴ ናት እንቢ ያለችው። ባንቺ ትመጣለች፣ ቃሏ ነው፣ ትንሽ ጠብቁ እያለች አስቆመችን። ኋላ ስንነሳ ሊነጋ ነበር፤ ዘገየን። ድልድዩ ጋ ወለደች። አላለቀሰም።"

ውድነሽ የእህቷን እጅ ያዘች። "መኪናሽ ተበላሽታ ነው፣ አይደል?" አለቻት። "ይሄን ብያቸዋለሁ። ባትበላሽባት ትመጣ ነበር ብያለሁ።"

ባንቺወሰን ተነሳች። ቃሬዛውን ተከትላ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

የተመለሰችው እህቷ እንደምትተርፍ ከተነገራት በኋላ ነው። ፊቷ የተለየ ነገር አልነበረውም። ወደ መኪናዋ ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ እርገጫው ላይ ወጥታ ቆመች። መኪናዋ ከሰልፉ ራስ ላይ ስለነበረች ከዚያ ሆና እስከ ሩቅ ትታያለች።

"ተበላሽቷል" አለች።

አልጮኸችም። ለጎረቤት እንደሚነገር ነው የተናገረችው። በሰልፉ ውስጥ ግን ያንን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ታይቶ አያውቅም። ስድቡ የተሰማበት ሰልፍ ተራው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከዜሮ ይጀመራል። ካልተሰማ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ባንድ ሐሳብ ወደ መሪው ዘለለ፤ ሁለተኛ ስትናገር ክላክሱን አንባርቆ ድምፅዋን ለመዋጥ። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በክርናቸው ተጫኑ። ጋሽ ዳምጤ በሁለት እጃቸው ተጫኑ።

አንድም መኪና ድምፅ አልሰጠም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ክላክስ የሚያስጮህ ኃይል የቀረው ሰው አልነበረም።

"ይሄኛው ተበላሽቷል" አለች ባንቺወሰን። "ያኛውም ተበላሽቷል። ሁሉም ተበላሽተዋል።" ጸጥታው ከመጠን ያለፈ ስለነበር ቃሏ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ጥርት ብሎ ሄደ።

ጠባቂው ላብ አጠመቀው። ወደ ጋሽ ዳምጤ ዞረ። "የሰሙት ነገር አለ፣ አባቴ?"

"ጆሮዬ ከድሮም ነው" አሉ ጋሽ ዳምጤ፣ መሪውን እያዩ።

"እናንተስ?"

ከመኪና ወደ መኪና "አልሰማንም፣ አልሰማንም" እየተባለ ሄደ። ጠባቂውም "እኔም አልሰማሁም" አለ። እፎይ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ መቼም አንተም አልሰማህም።"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። "የተናገረችውም ልክ ነው።"

ከዚያ መሥሪያ ቤት የወጣሁት በዚህ መልስ ነው። የአንድ ሰው መስማት ደግሞ ሰልፍ አያሰርዝምና እኔ ብቻ ወጣሁ። አለቃዬ እስከ በሩ ሸኝተውኝ መልካም ዕድል ተመኝተውልኛል።

የባንቺወሰን መኪና ግን እዚያ መቆየቷ ለሁሉም አስጊ ነው ተባለ። ሰዎቹ ተሰበሰቡና እየገፉ ከሰልፉ አወጧት፤ ከመንገዱ ዳር፣ ከሾላው ሥር አቆሟት። ከሚገፉት መሃል ጋሽ ዳምጤም ነበሩ። ባንቺወሰን አልተቃወመችም። ቁልፉን ከመኪናው አውጥታ ኪሷ ከተተች፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ሄደች። እኔም ዕቃዬን በአንድ ቦርሳ ይዤ ከኋላዋ ወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድን ከጀርባችን እልልታ ሰማን። ዞር ብዬ አየሁ። የሚኒባሷ ቦታ ባዶ ስለቀረ ሰዎቹ ታክሲውን ገፍተው እዚያ አስገብተውታል፤ ከታክሲው ኋላ ያለውም ወደ ታክሲው ቦታ፣ ከዚያ ኋላ ያለውም እንዲሁ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ መኪና ሁሉ በእጅ እየተገፋ አንድ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ተጠጋ። ሕፃናቱ እየዘለሉ ነበር። ጋሽ ዳምጤ በመስኮታቸው ብቅ ብለው አዩኝና በደስታ እጃቸውን አነሱልኝ።

"አየህ ልጄ" አሉ፣ "ይንቀሳቀሳል እኮ።"